ዳይት የጀመረች ወፍራም ድመት በቀን ስንት ጊዜ ትብላ?

አንዲት ድመት ከልክ በላይ ወፍራለች ተብሎ ዳይት ሲታዘዝላት፣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ታዲያ በቀን ስንት ጊዜ ላብላት?" ብሎ ነው። መልሱን ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የባሰ ግራ ይጋባል። አንዱ በቀን አንዴ ይበቃታል ይላል። ሌላው አምስት ስድስት ቦታ ከፋፍላችሁ ስጧት ይላል። ሌላው ደግሞ ጠዋትና ማታ እንጂ ሌላ አያስፈልግም ብሎ ይከራከራል። ሁሉም እርግጠኛ ሆነው ነው የሚናገሩት።

በእኔ እምነት ጥያቄው ያለ ተራው የተነሣ ነው። ድመትን የሚያከሳት በቀን የምትወስደው የካሎሪ ድምር ነው። 180 ካሎሪ በአንዴ ተበላም በአምስት ጊዜ ተበላ ያው 180 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድምሩ ይታወቅ። ስንት ቦታ ይከፈል የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። ይህን ስል ግን ክፍፍሉ ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። ዳይቱ ለወራት መዝለቁን ወይም በሁለተኛው ሳምንት መፍረሱን በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው።

ችግሩ ደግሞ የጥቂት ቤት ችግር አይደለም። የቤት እንስሳት ውፍረትን ለመከላከል የሚሠራው የአሜሪካ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባደረገው ዳሰሳ፣ ከታዩት ድመቶች 61 በመቶ የሚሆኑት ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ለምን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። የዛሬ የቤት ድመት አታድንም፣ ብዙ አትሮጥም። ከዚያ ላይ ወንዱ ይኮላሻል፣ ሴቷ ትመክናለች። ይህ በራሱ ደግ ነገር ነው። ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሰውነታቸው የኃይል ፍላጎት ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የመብላት ፍላጎታቸው ግን ይጨምራል። በዚህ ላይ ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ሲውል ውጤቱ የታወቀ ነው።

ወፍራም ድመት ለስኳር በሽታ ትጋለጣለች። መገጣጠሚያዎቿ ይጎዳሉ። ጀርባዋንና የጭራዋን ሥር መላስ ስለሚያቅታት ፀጉሯ ይጎሳቆላል፣ ቆዳዋም ይታመማል። ድመት ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት። ሶፋ ላይ መዝለል ስትተው ሰው "አሁንስ ሰነፈች" ብሎ ያልፋታል። እግሯ እያመማት ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። ጉዳዩን ከመልክ አውጥቼ የማየው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግራሙ

የእንስሳት ሐኪሞች ከ1 እስከ 9 የሚሄድ የሰውነት ሁኔታ መለኪያ አላቸው። 5 ልኩ ነው። ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከተገቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ እንዳለ ያመለክታል። ቤት ውስጥም በእጅ መመርመር ይቻላል። ጎኗን ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። የጎድን አጥንቷ ሳትጫኑ የሚዳሰስ ከሆነ ደህና ናት። ፈልጋችሁ የምታገኙት ከሆነ ወፍራለች። ከላይ ስታዩአት ደግሞ ወገቧ ትንሽ ገባ ማለት አለበት። ከሆዷ ሥር የሚወዛወዘው ልል ቆዳ ግን አያታላችሁ። እሱ በቀጫጭን ድመቶች ላይም ያለ ነው።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ሐኪሞች ለመነሻ የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። ድመቷ ልትደርስበት የሚገባውን ክብደት በኪሎ ውሰዱ፣ በ30 አባዙ፣ 70 ጨምሩ። ይህ ሰውነቷ ዐርፎ ተኝቶ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ለመቀነስ ከዚህ 80 በመቶውን ትሰጣላችሁ። 6 ኪሎ ተኩል የምትመዝን፣ ግን 5 ኪሎ መሆን ያለባትን ድመት እንውሰድ። 5 በ30 ሲባዛ 150፣ 70 ሲጨመር 220። የዚህ 80 በመቶ 176 ነው። በቀን ወደ 180 ካሎሪ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የተሰላው መድረስ ባለባት ክብደት እንጂ ዛሬ ባላት ክብደት አይደለም። የምግብ ፓኬት ላይ ያለውን ሠንጠረዥ የሚከተል ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 6 ኪሎ ተኩል የሚለውን መስመር ያነብና ውፍረቷን ጠብቆ የሚያቆየውን መጠን ይሰጣታል።

ደረቅ ምግቧ በ100 ግራም 360 ካሎሪ ካለው፣ የቀን ድርሻዋ 50 ግራም ነው። በቃ። 50 ግራም ደረቅ ምግብ ሳህን ላይ ሲታይ ያሳዝናል። ሰው እጁ የሚረዝመውም በዚህ ጊዜ ነው። ትንሽ ይጨምራል፣ "ምን አላት" ይላል። እስቲ አስሉት። 10 ግራም ጭማሪ 36 ካሎሪ ነው። ይህ የቀን ድርሻዋ አንድ አምስተኛ ነው። ዳይቱ በዚያች ጭማሪ ብቻ ሊቆም ይችላል። 10 ግራምን ደግሞ ዓይን አይለየውም። በኩባያና በማንኪያ መስፈር ለዚህ ነው የማይሆነው። ግራም የሚያነብ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ከየትኛውም ውድ የዳይት ምግብ በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ማባበያ ብስኩቶችና ከገበታ የሚወረወሩ ነገሮችም ከድምሩ ውስጥ ይቆጠራሉ። ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በላይ ባይሆኑ ይመረጣል። ለዚህች ድመት 18 ካሎሪ ማለት ነው። ቀላሉ መንገድ ከቀን ድርሻዋ ላይ አምስት ግራም ቀንሶ ለብቻው ማስቀመጥና ማባበያ ስትፈልጉ ከዚያው መስጠት ነው። ድመቷ ከእጃችሁ መቀበሏን እንጂ ምን እንደሆነ ብዙ አትጨነቅበትም።

አንድ ማሳሰቢያ። የለመደችውን ተራ ምግብ በግማሽ መቁረጥ ጥሩ ዘዴ አይደለም። ካሎሪው ሲቀንስ ፕሮቲኑም፣ ታውሪን የሚባለው ለድመት የግድ የሚያስፈልጋት ንጥረ ነገርም፣ ቫይታሚኑም አብሮ ይቀንሳል። ስብ ሳይሆን ጡንቻ ልታጣ ትችላለች። ለክብደት መቀነሻ የተዘጋጁት የሐኪም ምግቦች ካሎሪያቸው ዝቅ፣ ፕሮቲናቸውና ፋይበራቸው ከፍ ያለው ለዚህ ነው። ብዙ መቀነስ ላለባት ድመት ሐኪም ሳያማክሩ መጀመር አይገባም።

ታዲያ ስንት ቦታ ይከፈል?

የድመት ሆድ ትንሽ ነው። ተፈጥሮዋም ትንሽ ትንሽ እየበሉ መዋል ነው። አንዲት አይጥ 30 ካሎሪ ገደማ አላት። በአደን የምትኖር ድመት በቀን ከአሥር ያላነሱ እንዲህ ያሉ ትናንሽ እንስሳትን ታድናለች፤ ሌሊቱንም ጨምሮ። የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የጋራ አቋም፣ የቤት ድመቶች በቀን ብዙ ትናንሽ ድርሻዎች እንዲያገኙ የመከረው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ትልቅ ሳህን ማቅረብ ከሰው ፕሮግራም ጋር ይስማማል እንጂ ከድመት ባሕርይ ጋር አይሄድም።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ስምንት ድመቶችን ሦስት ሳምንት በቀን አንዴ፣ ሦስት ሳምንት ደግሞ በቀን አራቴ አበሏቸው። በቀን አንዴ ሲበሉ ጥጋብ የሚያሳውቁ ሆርሞኖች ከምግብ በኋላ ከፍ ብለው ታዩ። ሰውነታቸው ስብ ወደ ማቃጠል እንዳደላ የሚጠቁም ምልክትም ነበር። "ድመት በቀን አንዴ ትብላ" የሚለው ምክር ኢንተርኔቱን የሞላው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጥናቱ መልካም ነው። አንድን ነገር ያሳየናል፣ ያላሳየውንም ማየት አለብን። ስምንት ድመቶች ናቸው። ሁሉም ጤነኛ ክብደት ያላቸውና ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ነበሩ። ዳይት ላይ ያሉ ወፍራም ድመቶች አልነበሩም። በቀን አራት ጊዜ ሲበሉ ደግሞ የበለጠ ተንቀሳቅሰዋል፤ ይህን ክፍል የሚጠቅሰው ሰው ጥቂት ነው። በአጠቃላይ ያቃጠሉት ኃይል ላይ ግን ልዩነት አልታየም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ በቀን አንዴ መመገብ አስፈሪ እንዳልሆነና አንዳንድ ድመት የሚያጠግባት አንድ ትልቅ ሳህን ሊሆን እንደሚችል ነው። ለወፍራም ድመት ሁሉ ሕግ ሊሆን ግን አይችልም።

ደግሞ አንድ የማይረሳ ልዩነት አለ። እዚያ ጥናት ላይ ያሉት ድመቶች የሚበቃቸውን ያህል ይቀርብላቸው ነበር። ዳይት ላይ ያለች ድመት ግን የምትበላው ትንሽ ነው። 50 ግራሟን በአንድ ጊዜ ጥርግ አድርጋ በልታ ሃያ ሦስት ሰዓት ባዶ ሳህን ስትጠብቅ አስቧት። አንዳንዷ በችኮላ ውጣ ወዲያው ታስመልሰዋለች። ሌላዋ ቤቱን በጩኸት ታናውጣለች። ባለቤቷ ይሰለቻል፣ ያዝንላታል፣ ከዚያ ይሰጣታል። ዳይቱ የሚፈርሰው እንዲህ ነው።

ስለዚህ የምመርጠው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ እና ልትተኙ ስትሉ። 50 ግራሙ ለአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ድርሻ 12 ወይም 13 ግራም ነው። ጠዋት የቀኑን ሙሉ ድርሻ አንዴ መዝናችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ከዚያ ዕቃ ብቻ ይሁን። ዕቃው ባዶ ከሆነ ለዛሬ አለቀ ማለት ነው። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ሁለት ቁርስ የሚሰጥበት ቤት ብዙ ስለሆነ ይህች ነገር ትልቅ ለውጥ ታመጣለች።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላችሁ የምትገቡ ከሆነ ሁለቴም ይበቃል። ጠዋትና ማታ፣ ሰዓቱን ጠብቆ። ድምሩ ልክ እስከሆነ ድረስ ድመቷ በሁለት ጊዜም ትከሳለች። አራት ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ ከሚዛባ ሰው ይልቅ ሁለት ጊዜ በትክክል የሚሰጥ ሰው ይሻላታል። አምስትና ስድስት ጊዜ የሚመቸው ግን ቀኑን ቤት ለሚውል ሰው ወይም በሰዓት የሚከፈት አውቶማቲክ መመገቢያ ላለው ነው።

እርጥብ ምግብ ለብዙ ጊዜ መከፋፈልን ቀላል ያደርገዋል። በታሸገ እርጥብ ምግብ ውስጥ ከመቶ ሰባ አምስት እጅ ገደማ የሚሆነው ውኃ ነው። በ100 ግራም 90 ካሎሪ ያለው ከሆነ ያቺው ድመት በቀን 200 ግራም ትበላለች ማለት ነው። ከ50 ግራም ጋር ሲተያይ ብዙ ነው፤ ሆድ ይሞላል። ችግሩ ለረጅም ሰዓት ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ መበላሸቱ ነው። ብዙ ሰው እርጥቡን ጠዋትና ማታ፣ ደረቁን በመካከልና በሌሊት የሚሰጠው ለዚህ ነው። እኔም ይህን ቅልቅል እወደዋለሁ፤ ሁለቱም በሒሳቡ ውስጥ እስከገቡ ድረስ።

ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ከሚውል ሳህን ወደዚህ የምትሸጋገር ድመት በአንድ ቀን አትለምደውም። በመጀመሪያ የምትበላውን ያህል መጠን ሳትቀንሱ በቀን አራት አምስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጧት። ሳህኑን ለሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ትታችሁ አንሡት። ሰዓቱን ስትለምድ መጠኑን መቀነስ ጀምሩ። የምግቡ ዓይነት የሚቀየር ከሆነም ከአሮጌው ጋር እያቀላቀላችሁ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ቀይሩት።

ከንጋቱ በፊት የሚመጣው ጩኸት

ዳይት የሚያስቆም ዋናው ነገር ረሃቧ አይመስለኝም። ልመናዋ ነው። ድመት ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ የምትነቃቃ እንስሳ ናት። ጎሕ ሲቀድ መጥታ ፊታችሁን በእግሯ ትነካለች፣ በር ትቧጥራለች፣ ትጮኻለች። እንቅልፍ የጠማው ሰው ተነሥቶ ይሰጣታል። እሷም የምትማረው ግልጽ ነው፤ ከጮኽኩ ይነሣል።

ልመናዋን ችላ ማለት ስትጀምሩ መጀመሪያ ይብሳል። ይህ የሚጠበቅ ነው። በፊት የሠራላት ነገር ሲቀር ድመት ጨምራ ትሞክራለች። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን እጅ ከሰጣችሁ፣ አምስት ቀን መጮኽ እንደሚሠራ አስተማራችኋት ማለት ነው። አንዳንዴ ሰጥቶ አንዳንዴ መከልከል ከሁሉም የከፋ ነው፤ ተስፋዋን አትቆርጥምና።

የሚረዱ ነገሮች አሉ። ከቀኑ ድርሻ አንዱን ከመተኛታችሁ በፊት ስጧት፤ ከዚያ በፊት አሥር ደቂቃ በገመድ ወይም በላባ አጫውቷት። አሳዳ፣ ይዛ፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ መተኛት የድመት ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ነው። ሁለተኛው አውቶማቲክ መመገቢያ ነው። ንጋት ላይ ራሱ ሲከፈትላት ምግብን ከማሽኑ እንጂ ከእናንተ አትጠብቅም። ሦስተኛው ከእንቅልፍ መነሣትንና መመገብን መለያየት ነው። ተነሡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ቡና አፍሉ፣ ከዚያ ስጧት።

የምግብ ጨዋታንም፣ ማለትም ምግቡ ውስጡ ተደብቆ ድመቷ ፈልጋ የምታወጣበትን መጫወቻ፣ ብዙ ሐኪሞች ይመክራሉ። እዚህ ላይ ግን ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት አሥራ ሰባት ድመቶችን ተመልክቶ፣ አብዛኞቹ ከጨዋታው ይልቅ በነፃ የቀረበውን ሳህን እንደመረጡ አሳይቷል። እና ድመታችሁ ችላ ብትለው አትደነቁ። በቀላሉ ጀምሩ፣ ከድርሻዋ ግማሹን ብቻ አድርጉበት፣ ካልወደደችው ተዉት። ጥቅሙ በችኮላ የምትውጠውን ማዘግየቱ ነው።

የምትለምን ድመት ሁሉ ርቧት አይደለም። አንዳንዷ የምትፈልገው እናንተን ነው። ከምግብ ሰዓት ውጭ ስትመጣ አምስት ደቂቃ መጫወት ወይም ፀጉሯን ማበጠር ብዙ ጊዜ ይበቃታል።

"ሲርባት ትበላዋለች" አደገኛ ነው

ይህን በተለየ ትኩረት እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ወፍራም ድመትን ማስራብ ሊገድላት ይችላል። ድመት መብላት ስታቆም ሰውነቷ የተከማቸውን ስብ በፍጥነት ወደ ጉበት ይልካል። የወፍራም ድመት ስብ ብዙ ነው፤ ጉበቷ ግን ያን ሁሉ የማስኬድ አቅም የለውም። ስቡ ጉበቱን ይሞላዋል፣ ጉበቱም ሥራውን ያቆማል። ይህ ሁለት ሦስት ቀን ባለመብላት ብቻ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በኋላ ድመቷ ጭራሽ ምግብ ትጠላለች፣ ታስመልሳለች፣ ትደክማለች፣ ድዷና የዓይኗ ነጩ ክፍል ቢጫ ይሆናል። የሚታከመው ብዙ ጊዜ በቱቦ እየመገቡ ለሳምንታት ነው።

ለዚህ ነው አዲሱን የዳይት ምግብ እምቢ ያለችውን ድመት "ተዋት፣ ሲርባት ትበላዋለች" ማለት የማይገባው። ለውሻ ይሠራ ይሆናል። ለወፍራም ድመት አይሠራም። ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች አሮጌውን ምግብ መልሱላትና ለሐኪም ደውሉ። ዳይቱ ይቆይ፣ ምንም አይደል። ሰው ለራሱ የሚያደርገውን የጾም ዳይት ለድመት መሞከርም እንዲሁ አይታሰብ።

ምግብን በተወሰነ ሰዓት የመስጠት ሌላው ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ሞልቶ የሚውል ሳህን ድመቷ መብላት ማቆሟን ለሁለት ቀን ሊደብቅ ይችላል። 12 ግራሟን ትታ ከሄደች ግን በዚያው ሰዓት ታውቃላችሁ።

ኢንሱሊን የምትወጋ የስኳር ሕመምተኛ ድመት ደግሞ ለብቻዋ ትታያለች። የምግቧ ሰዓት ከመርፌው ጋር የተያያዘ ነው፤ መርፌው አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ነው። ስትከሳ የሚያስፈልጋት ኢንሱሊንም ሊቀንስ ይችላል። መጠኑ ሳይስተካከል ከቀጠለ ስኳሯ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ለእሷ የምግብ መጠንም ሆነ ሰዓት ያለ ሐኪሟ አይነካም።

ብዙ ድመት ባለበት ቤት ዋናው ችግር ስርቆት ነው። ቀጭኗ ትታ የሄደችውን ወፍራሟ ትጨርሰዋለች። በተለያየ ክፍል በር ዘግቶ ማብላት ነፃና አስተማማኝ ነው። ይህም የሚቻለው የምግብ ሰዓት ካለ ብቻ ነው። አቅም ካለ የአንዷን ማይክሮቺፕ (ከቆዳዋ ሥር የሚቀበር ትንሽ መለያ) ብቻ አንብቦ የሚከፈት መመገቢያም አለ።

ሚዛኑ ምን ይላል

በየሁለት ሳምንቱ መዝኗት። መጀመሪያ ራሳችሁን፣ ከዚያ ታቅፋችኋት ብትመዘኑ ግምት ይሰጣል፤ የሕፃናት ሚዛን ግን የተሻለ ነው። ጤናማ ቅነሳ በሳምንት ከክብደቷ ከግማሽ እስከ 2 በመቶ ነው። ለ6 ኪሎ ተኩሏ ድመት በሳምንት ከ30 እስከ 130 ግራም ማለት ነው። በሳምንት 1 በመቶ ብትቀንስ 5 ኪሎ ለመድረስ ስድስት ወር ይፈጅባታል። ረጅም ይመስላል። ግን የወፈረችውም በዓመታት ነው።

ከ2 በመቶ በላይ ከቀነሰች ምግቡን ጨምሩ፤ ጡንቻዋን እያጣች ሊሆን ይችላል። ወር ሙሉ ምንም ካልቀነሰች ደግሞ የቀኑን ድርሻ ወዲያው ከመቁረጣችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ፣ የጎረቤትም ሳህን እንዳለ አጣሩ። ሁሉም ንጹሕ ከሆነ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንሱ። ከዚያ በታች ለመውረድ ሐኪም ያስፈልጋል።

ክብደቷ ተገቢው ቦታ ሲደርስ የምግቡን መጠን በ10 በመቶ ከፍ አድርጉና ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ መዝኗት። አሁንም እየቀነሰች ከሆነ ሌላ 10 በመቶ ጨምሩ። ክብደቷ ሲረጋ ያ የዘወትር መጠኗ ነው። የምግብ ሰዓቶቿን ግን አትንኩ፤ አራት ጊዜ ከነበረ አራት ጊዜ ይቀጥል፣ ሚዛኑም ከወጥ ቤት አይነሣ።